«ጤነኛ» የሚለው ወረቀት

የደሴ ወገኖቼ ሆይ፣ ይህን የምጽፍላችሁ በሰፈራችን ያየሁት ነገር እንቅልፍ ስለነሣኝ ነው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ በጓሮ ክፍል ታስሮ፣ የእጁ አንጓ በናይለን ገመድ ተልጦ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው፣ እሱን ግን የሚያስጨንቀው ድምፅ እንዳይሰማው ሁለቱንም ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ተቀምጧል። ከገመዱ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን እናቱ ከሣጥን አውጥታ ያሳየችኝ ወረቀት ነው። የእቁብ ገንዘባቸውን ይዘው አዲስ አበባ ድረስ ወስደው የሰውነትን ውስጥ በማግኔት በሚያሳየው መሣሪያ በኤምአርአይ ያስነሡት የአንጎሉ ምስል ውጤት ነበር፤ «ጤነኛ» ይላል። አንጎሉ ጤነኛ ከሆነማ ነገሩ የጂን፣ የመንፈስ ልክፍት ነው ተባለና ክኒኑ ተቋረጠ።

ይህን ፍርድ ማን ሰጣችሁ? የዚህ ልጅ ሕመም ስኪዞፍሬኒያ ነው፤ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማ፣ አሳብንም የሚያዛባ የአእምሮ ሕመም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዐሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ ባለው ዕድሜ፣ አንጎል ገና እየበሰለ ሳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በእንግሊዝ አገር ዶክተር ኢቭ ጆንስተንና ባልደረቦቿ ለረጅም ዘመን የታመሙ 17 ሰዎችን የአንጎልን ውስጥ በራጅ ጨረር በሚያሳየው በሲቲ ስካን መርምረው፣ በአንጎላቸው ውስጥ ፈሳሽ የሚይዙት ክፍተቶች ከጤነኞቹ ሰፍተው አገኟቸው። ምናልባት የሕመሙ ርዝመት ያመጣው ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ኋላ ግን ሕመሙ ገና በጀመራቸው ወጣቶችም ላይ ክፍተቱ ሰፍቶ፣ ለትውስታ የሚያግዘው ሂፖካምፐስ አንሶ፣ በግንባርና በጆሮ ግንድ በኩል ያለው ግራጫው የአንጎል ክፍል ሳስቶ ታየ። ሆኖም ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ የሚወጣውም የብዙ ሕሙማን አማካይ ከብዙ ጤነኞች አማካይ ጋር ሲመዛዘን ነው እንጂ አንዱን ልጅ ለይቶ አይጠቁምም። ስለዚህ ሐኪም ይህን ሕመም የሚለየው ልጁን አነጋግሮ፣ ቤተሰቡን ጠይቆ ነው፤ ምስሉ የሚነሣው ዕጢ ወይም ሌላ ጉዳት እንዳይኖር ለማጣራት ነው። ያ ወረቀት ዕጢ የለም አለ እንጂ ሕመም የለም አላለም።

የእህቱ ጋብቻ እንዳይበላሽ ብላችሁ ልጁን የምትደብቁ፣ ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲያወራ እያያችሁ «ያልፍለታል» የምትሉ፣ ጫት ሕመሙን እንደሚያባብስበት እየሰማችሁ ቁጭ ብሎ እንዲቅም የምትተዉት፣ እናንተን እወቅሳለሁ። ሕክምና ሳይጀመር የሚያልፈው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ማገገሙ ይከብዳል። ዱዓውን አድርጉ፣ ጠበሉንም አጥምቁት፤ ክኒኑን ግን አታስጥሉት፤ ሁለቱን አማርጡ ያለ ሐኪም እኔ አላየሁም።

እናቲቱ ወረቀቱን ልቅደደው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አትቅደጂው፣ ነገ ጠዋት ጥጡን ከጆሮው በቀስታ አውጥተሽ፣ ልጁንም ወረቀቱንም ይዘሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ አልኳት።