እባካችሁ ሳህኑን ገልብጣችሁም ፎቶ አንሱት!

በናታችሁ፣ የጥንት የጃፓን ሸክላ ሻጮች! የሳህኑን ፊት በአስር ፎቶ አንስታችሁ፣ ታቹን አንዴ እንኳ ሳታሳዩ «ጥንታዊ፣ በእጅ የተሳለ» ብላችሁ ዋጋ መቆለል ምን የሚሉት ንግድ ነው? ዕድሜው የሚታወቀው እኮ ከታቹ ነው። አሪታ በምትባለው የጃፓን የሸክላ ከተማ የተሠሩ ትልልቅ ሳህኖች ታች ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ጠባሳዎች እቶን ውስጥ ሳህኑ እንዳይጎብጥ ከተደገፈበት የቀሩ ናቸው። ለገዢ ትልቅ ምልክት ነው፤ እናንተ እንደ ጉድለት ትደብቁታላችሁ።

«ኒፖን» (በጃፓንኛ «ጃፓን» ማለት ነው) የሚል ማህተም አለው ማለትም ብቻውን አይበቃም። አሜሪካ በ1890 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባወጣችው የታሪፍ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲኖረው ስታስገድድ፣ ጃፓኖቹ ከ1891 ጀምሮ «ኒፖን» ብለው ጻፉ፤ በ1921 ወደ «ጃፓን» ተቀየረ። ይህ የሚሠራው ማህተሙ እውነተኛ ሲሆን ነው። በቅጠል ጉንጉን መሃል «ኤም» (M) የሚል ፊደል ያለበትን የኖሪታኬ፣ የጃፓኑ ሸክላ አምራች፣ ማህተም አስመስለው አዲስ ዕቃ ላይ ያትሙታል፤ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ግን አንዳንዱ ላይ በ«ኤም» ፈንታ ያለው የአሸዋ ሰዓት የመሰለ ምልክት ነው። ታዲያ ማህተሙን በደብዛዛ ፎቶ አይተን እንዴት እንለየው?

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው የህትመቱ ነገር ነው። ከሜጂ ዘመን (1868–1912 በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ንድፉ በመዳብ ሰሌዳ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ከወረቀቱ ወደ ሸክላው የተላለፈ ሰማያዊና ነጭ ዕቃ በገፍ ተሠርቷል። ያምራል፣ የራሱ ሰብሳቢም አለው፤ በእጅ ግን አልተሳለም! ለመለየት ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይበቃል። የብሩሽ መስመር እዚህ ይወፍራል፣ እዚያ ይቀጥናል፣ ቀለም በተጠራቀመበት ይጠቁራል። የታተመው ላይ ጥላው የተሠራው በጥቃቅን ነጥብና ሰረዝ ነው። ጠርዙን ዙሩት፤ ወረቀቱ የተጋጠመበት ቦታ ላይ አበባው ለሁለት ተቆርጦ ሳይገጥም ታገኙታላችሁ። ንድፉ ታትሞ ቀለሙ ብቻ በእጅ የተሞላም አለ፤ እሱንም እንደዚያው ብላችሁ ጻፉ።

«ስንጥቅ የለውም» ከማለታችሁ በፊት ፖርሴሊኑን (ነጩንና ጠንካራውን ሸክላ) በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ መታ አድርጉት። ጤነኛው እንደ ደወል ያቃጭላል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ሳትሱማ በሚባለው የጃፓን ሸክላ ላይ ይህ አይሠራም፤ ፖርሴሊን አይደለም፣ መስታወት መሰል ሽፋኑ ላይ ያለው መረብ የመሰለ ስንጥቅጥቅም ተፈጥሮው ነው። የተጠገነውን ለማወቅ ክፍሉን አጨልማችሁ የአልትራቫዮሌት መብራት አብሩበት፤ ዘመናዊ ሙጫና ቀለም ብዙ ጊዜ ከሌላው ቦታ ተለይቶ ይታያል።

ደግሞ ለፎቶ እንዲያምር ብላችሁ እቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አትክተቱት! የወርቅ ቅብ ካለው፣ ወርቁ ከሽፋኑ በላይ ተቀብቶ በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰ ስለሆነ ይለቃል። ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

ስትልኩም የማንቆርቆሪያውን ክዳን እላዩ ላይ እንዳለ አትጠቅልሉ፤ መንገድ ላይ እርስ በርስ ተጋጭተው ከንፈሩ ይሸረፋል። ለየብቻ ጠቅልሉና በሁለት ካርቶን አድርጉት፣ በካርቶኖቹ መሃል በየጎኑ 5 ሳንቲሜትር የሚሆን መከላከያ ሙሉበት። ተጨማሪ ወጪ ካለው ንገሩን፣ እንከፍላለን።