ወረቀቱ ቢጫ ስለሆነ ብቻ የጃንሆይ ዘመን አይባልም

«ጅማ ሂርማታ ከቁራሌው የገዛሁት የርችት ካርቶን ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ስለዚህ የጃንሆይ ዘመን ነው» ላልከው ወንድሜ፣ እርማት አለኝ። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ግን ቢጫነት ዕድሜ አይናገርም። የጅማ እርጥበት፣ በዚያ ላይ የማድቤት ጭስ፣ ርካሽ ወረቀትን በጥቂት ዓመት ያስረጀዋል።

ዕድሜውን የሚናገረው ጽሑፉ ነው። ባሳየኸን ፎቶ ላይ ከተሳለው ዘንዶ ጭራ ሥር በደቃቅ ፊደል «ዩኤን 0336» እና «1.4ጂ» ይላል፤ እነዚህ የርችት መለያ ቁጥርና የአደጋ ምድብ ናቸው። ካርቶኑ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነው፤ እዚያ ደግሞ ይህ ምልክት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ቀደም ሲል የሚጻፈው የድሮው ምድብ «ክላስ ሲ» ነበር። ጃንሆይ የወረዱት እ.ኤ.አ. በ1974 ስለሆነ፣ ነገሩ በፍጹም አይገናኝም።

ሌላም ልጨምርልህ። «የቻይና ሕዝባዊ ሪፐብሊክ» የሚል ካየህ እ.ኤ.አ. ከ1949 ወዲህ ነው። «ማካዎ» የሚለው የቦታ ስም ግን ዕድሜውን ለማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ የማስጠንቀቂያውን ጽሑፍም አንብብ።

ደግሞ እባክህ፣ ውስጡ ያልተተኮሰ ርችት ካለ «ይሠራ ይሆን?» ብለህ እንዳትለኩሰው። አሮጌ ባሩድ አይታመንም። ከእሳትና ከልጆች አርቀው፣ ለፖሊስም ንገር።