እርማት፦ ያደገ ውሻም ማሰልጠኛ ክለብ ይገባል

«ውሻ አንድ ዓመት ካለፈው አይማርም፣ ክለብም አይቀበለውም» ያልከው ልክ አይደለም ወንድሜ። አሜሪካ ውስጥ ብዙዎቹ የውሻ ማሰልጠኛ ክለቦች ያደገውንም ዲቃላውንም ይቀበላሉ። የአሜሪካ ኬኔል ክለብ (የውሻ ዝርያ የሚመዘግበው ድርጅት) እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረው የጥሩ ጠባይ ፈተና እንኳ የዕድሜ ጣሪያ የለውም፤ 10 ነገር ይፈተናል፣ አንዱ እንግዳ ሰው ቀርቦ ባለቤቱን ሰላም ሲል ውሻው ሳይዘልበት መታገሱ ነው። ቡችላን ከሰው ማላመድ ይቀላል፣ እሱን አልክድም። ግን ክለቡ ውስጥ ዋናው ሰልጣኝ አንተ ራስህ ነህ፦ ለሽልማት የምትሰጠውን ቁራሽ ዶሮ ልክ ውሻው ቁጭ ሲል ስጠው፤ ተነስቶ ሳለ ዘግይተህ ከሰጠኸው በመነሳቱ የተሸለመ ይመስለዋል። ስትሄድ የእብድ ውሻ ክትባት ወረቀቱን ያዝ፣ ይጠይቁሃል።