ደረሰኙን የት ጣላችሁት?

ወገኖቼ፣ ስትታለሉ አብሬአችሁ አዝኛለሁ፤ ዛሬ ግን ልቆጣችሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ በቴሌግራም ያየችውን የጭማቂ መፍጫ አዘዘች። ዋጋው አልተጻፈም፤ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል። አናገረች፣ ተስማማች፣ ገንዘቡን በስልኳ ላከች። ሞተረኛው ካርቶኑን በር ላይ አስረክቧት ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ሄደ። ስትከፍተው ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ ስትሰካው ይሸታል። ሻጩ ሁለት ቀን «እናስተካክላለን» ሲላት ቆየ። በሦስተኛው ቀን የተጻጻፉት ሁሉ ከስልኳ ጠፍቶ አገኘችው። ቴሌግራም ላይ ሻጩ መልእክቱን ከእናንተም ስልክ ማጥፋት እንደሚችል ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ?

«ሕግ የለም» እያላችሁ አታማሩ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ በስልክ የተጻጻፋችሁት መልእክት ወረቀት ስላልሆነ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል። ግን መልእክቱን ማን አስቀመጠው?

ሻጩ «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» ሲላችሁ፣ «እንግዲያው ያለ ደረሰኝ ይሁን» የምትሉት እናንተው ናችሁ። የተጨማሪ እሴት ታክሱን 15 በመቶ ላለመክፈል የተዋችሁት ወረቀት የሻጩ ስም፣ አድራሻና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበት ነበር። አሁን ማንን ትከሳላችሁ? የቴሌግራም ቻናል ፍርድ ቤት አይቆምም።

ደግሞ ይሉኝታችሁ! ሞተረኛው ፀሐይ ላይ ቆሞ ካርቶን መክፈት ያሳፍራችኋል። ለእርሱ ማዘናችሁ መልካም ነው፤ ጥላ ሥር አስቀምጡት፣ ውሃ ስጡት። ዕቃውን ግን ፊቱ ክፈቱት፣ ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሞክሩት፣ ከዚያ ክፈሉ። ሻጩ «አስቀድማችሁ ካልከፈላችሁ አልልክም» ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ማስታወቂያውንና የተጻጻፋችሁትን የዚያኑ ቀን በፎቶ አስቀሩት።

ጎረቤቴ ከ15ቱ ቀን ስምንቱ ይቀራታል። በእጇ ያለው የገንዘብ መላኪያ ማረጋገጫ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ የሰፈረው የሱቁ ስም ሳይሆን የማናውቀው ሰው ስም ነው። ነገ ጠዋት እሱንና የተሰነጠቀውን ክዳን ይዘን ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት እንሄዳለን።