የዓለማየሁ እሸቴ ለቀስተኞች የሚያውቁት ታሪክ

የእድር መተዳደሪያ ደንብ ለማን ሞት ድንኳን እንደሚተከል በዝርዝር ያስቀምጣል። ለአባሉ፣ ለትዳር ጓደኛው፣ ለልጁ፣ ለእናት ለአባቱ፣ ለወንድም ለእህቱ እያለ የሚከፈለውን ገንዘብና የሚሰጠውን አገልግሎት በየደረጃው ይወስናል። በየካ አባዶም ሆነ በቱሉ ዲምቱ፣ በጀሞም ሆነ በኮዬ ፈጬ ያሉ የኮንዶሚኒየም እድሮች ደንባቸው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ዘፋኝ በዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ እንዲኖርም አይጠበቅም። ሆኖም ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ በ80 ዓመቱ ማረፉ ሲሰማ፣ በእነዚህ የከተማ ዳር መንደሮች ውስጥ የሥጋ ዘመድ የሞተባቸው ያህል የደነገጡ ሰዎች ነበሩ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ያላቸው ሰው ግን አልነበረም።

የእነዚህ ሰዎች ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው። ከዚያም አልፎ ማንም በወጉ ያልመዘገበውን የሙዚቃችንን ታሪክ የያዘ ምስክርነት ነው። ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው አድማጮቹ ራሳቸው ከማለፋቸው በፊት ምስክርነታቸውን እንድንቀበል ለመለመን ነው።

እነማን እንደሆኑ ልናገር። ሰፈራቸው በመልሶ ማልማት ሲፈርስ ወይም የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣላቸው ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከልደታና ከካዛንቺስ ወጥተው ዳር የሰፈሩ አዛውንቶች ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአዲስ አበባ ሙዚቃ በሸክላ በብዛት መታተም ሲጀምር እነርሱ አፍላ ወጣቶች ነበሩ። ሸክላ የማሳተም ፈቃድ በሀገር ፍቅር ማኅበር እጅ ብቻ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ዐምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ፤ የመጀመሪያ ሥራውም በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ይዘፍን የነበረው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ነበር። ሸክላው የታተመው ሕንድ ሀገር ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ዐምሃ ከመቶ በላይ ሸክላዎችን አሳተመ፤ ደርግ ሲመጣ፣ የሰዓት እላፊውም የምሽት ሙዚቃውን ሲዘጋው፣ ሀገር ጥሎ ወጣ። አሳታሚውም ዘፋኙም በዚያው በ2013 ዓ.ም. ነው ያረፉት፤ ዐምሃ በሚያዝያ፣ ዓለማየሁ በነሐሴ።

ዓለማየሁን «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ወይም «የኢትዮጵያ ጄምስ ብራውን» ብለው የሚጠሩት ብዙ ናቸው። አለባበሱና የፀጉር አበጣጠሩ፣ የመድረክ እንቅስቃሴውና ጩኸቱ ለዚህ ምክንያት መሆናቸው አይካድም። እኔ ግን ስያሜው ያሳንሰዋል ባይ ነኝ። ከአሜሪካ ጥቁሮች የሶል ሙዚቃ ጩኸቱን ወስዶ በአማርኛ እንጉርጉሮ ላይ ሲያሳርፈው፣ አንድን ስንኝ ሲጀምር የሚማጸን የነበረው ድምፅ ስንኙ ሳያልቅ ወደ ቁጣ ይለወጥና ተመልሶ ይለሰልሳል። ይህንን የሚያደርግ ሌላ ድምፅ በቀላሉ አይገኝም። ዐዋቂዎቹ አድማጮቹ ያዘኑለትም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በዚያ ሰሞን እኔ በምኖርበት በየካ አባዶ፣ በሁለት ብሎኮች መካከል ለአንዲት ጎረቤታችን ድንኳን ተተክሎ ነበር። ነሐሴ በመሆኑ ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል፤ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፤ ንፍሮው ይዞራል። ድሮ ፒያሳ ልብስ ሰፊ የነበሩ አንድ አዛውንት ካርታቸውን ይዘው ቆዩና «ዓለማየሁም እኮ ሄደ» አሉ። ከዚያ ለቅሶ ቤት መዝፈን ነውር ስለሆነ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ የአንዱን ዘፈን የትንፋሽ መሣሪያዎች መግቢያ አዜሙልን፤ በአውራ ጣታቸው የካርታውን ጠርዝ እየመቱ ምቱን ያዙ፤ መሃል ላይ ድንገት አቆሙና «እዚህ ጋ ነው ዓለማየሁ የሚጮኸው፤ ፒያኖው ደግሞ የግርማ ነው» አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ «የቱ ግርማ፣ ጋሼ?» ብሎ ጠየቃቸው።

የተማሪውን ጥያቄ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ልጁ በዓለማየሁ ዘፈን ያደገ፣ ግጥሙንም በቃሉ የሚያውቅ ነበርና። ግርማ በየነ ፒያኒስት፣ የግጥም ደራሲና አቀናባሪ ነው። ዓለም ግርማ የተባለውን ባንድ ከዓለማየሁ ጋር ያቋቋመ፣ የዚያን ዘመን ብዙ ሥራዎች ያቀናበረ፣ ኋላም አሜሪካ ገብቶ ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ የኖረ ሰው ነው። ለዓለማየሁ ስናለቅስ የግርማን ስም የማናውቅ ከሆነ፣ ያለቀስነው ለምን እንደሆነ ግማሹን እንኳ አናውቅም ማለት ነው። ልብስ ሰፊው ግን ያውቃሉ። ከማን ጋር፣ የት፣ በየትኛው ባንድ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት የሚለውን ጭምር ያውቃሉ፤ ያንን ዕውቀታቸውን የጠየቃቸው ተቋም ግን እስከ ዛሬ የለም።

በጽሑፍ ከሚገኘው ብዙው በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ድካም የተሰበሰበ ነው። ከ1990 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ርዕስ ባሳተማቸው ተከታታይ ሲዲዎች፣ ዘጠነኛውን ሙሉ በሙሉ ለዓለማየሁ ሰጥቶታል፤ ተጫዋቾቹና አቀናባሪዎቹም ከሲዲዎቹ ጋር በሚወጡት መግለጫዎች ውስጥ በስም ተጠቅሰዋል። ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን አንድ የውጭ ሀገር ሰው ይህንን ያህል ማድረግ ከቻለ፣ በአንድ ቋንቋ የምንነጋገር፣ በአንድ ድንኳን ሥር አብረን የምንቀመጥ እኛ ለምን አልቻልንም? ፈረንሳዊው አድማጮቹን ፍለጋ ባሕር ተሻግሮ መምጣት ነበረበት፤ እኛ ደረጃ መውረድ ብቻ ነው የሚጠበቅብን።

ለዘፋኝ ማልቀስ አይገባም የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። አንዳንዱ ከሃይማኖት፣ አንዳንዱም አዝማሪን ዝቅ አድርጎ ከማየት ልማድ ተነሥቶ ይናገራል። የሃይማኖቱን ክርክር እዚህ አልገባበትም። ንቀቱን ግን አልቀበለውም፤ ሠርጉን፣ ዘመቻውንና ናፍቆቱን ሁሉ በዘፈን ሲገልጽ የኖረ ሕዝብ ዘፋኙን ሲያጣ ማዘኑ የሚያሳፍር ነገር የለውም። በነሐሴ 2013 ሀገሪቱ በጦርነት ውስጥ ነበረች፤ ስንቱ ወጣት በሚረግፍበት ወቅት ለሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ማዘን ቅንጦት አይደለም ወይ ያሉም ነበሩ። ለዚህ መልሴ አጭር ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ስለ ዓለማየሁ የሚያወሩት ሰዎች ልጆቻቸው የዘመቱባቸው ሰዎች ጭምር ነበሩ። አንዱን ሐዘን ከሌላው ጋር ያወዳደረ ሰው በመካከላቸው አላየሁም።

የኤፍ ኤም ጣቢያዎቻችን በዚያ ሳምንት ዘፈኖቹን ደጋግመው አሰሙ፤ መልካም አደረጉ። ይሁን እንጂ አብዛኛው አቅራቢ የዘፋኙን ስም ከመጥራት አላለፈም። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን፣ ባንዱ የትኛው የሚለው በድሮ የካሴት ሽፋን ላይ በደቃቁም ቢሆን ይጻፍ ነበር፤ ዛሬ ያው ዘፈን ከዩቲዩብ ተወስዶ፣ አንዳንዴም በተሳሳተ ርዕስ፣ ያለ ምንም መረጃ ይለቀቃል። ይህ የአክብሮት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪ ስሙ እንዲገለጽለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ በወቅታዊ ዜና ውስጥ እግረ መንገድ የሚሰማ ሥራ ብቻ ነው ከዚህ የወጣው። ገጣሚውና የዜማ ደራሲው እንዲጠሩ ሕጉ ከደነገገ፣ አቀናባሪውንና ባንዱን ጨምሮ መጥራት ለአቅራቢው የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ጣቢያዎቹ የድሮ ሙዚቃ ሲያሰሙ የሠሩትን ሰዎች በስም ይጥሩ፤ ያልታወቀም ካለ «የሚያውቅ ይደውልልን» ይበሉ፤ ከጀሞና ከአባዶ የሚደውል አይጠፋም። ሁለተኛው የእድሮች ጉዳይ ነው። የእድር ጸሐፊዎች ማን ከየትኛው ሰፈር እንደመጣ፣ ወጣትነቱን በምን ሥራ እንዳሳለፈ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ክረምት ሲሆን ተማሪዎቹ እረፍት ላይ ናቸው፤ ሁሉም ስልኩ ውስጥ የድምፅ መቅጃ አለው። በየብሎኩ ያሉትን አዛውንቶች ተራ በተራ ኮሙናሉ ውስጥ አስቀምጠው ይጠይቋቸው፤ ሸክላውን መጀመሪያ የት ሰሙት፣ በስንት ብር ገዙት፣ ባንዱን የት ሆቴል አዩት፣ ማን ሳክስፎን ነፋ፣ ማን ከበሮ መታ። ቅጂውን ስም፣ ቀንና የቀድሞ ሰፈር ጽፈውበት አንዱን ለወመዘክር (ለብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት)፣ አንዱን ለያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ይስጡ። በእኛ ብሎክ ልብስ ሰፊው ሰባዎቹን ካለፉ ቆይተዋል፤ ስለዚህ እርሳቸውን በዚህ ክረምት መጀመር ይገባል።