እናቶቻችንን «አልትራ ማራቶን ሯጭ» እያላችሁ አትሸንግሏቸው

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ጓደኛዬ በስልኩ የገርዳ ስቴይንን ሩጫ ያሳየኛል። ደቡብ አፍሪካዊት ናት፤ የኮምሬድስ አልትራ ማራቶን አሸናፊ። አልትራ ማራቶን ማለት ከማራቶኑ 42 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሩጫ ነው። ትንሽ አየና «ምኑ ይገርማል? የጎጃም እናት ዕድሜዋን ሙሉ አልትራ ማራቶን ላይ አይደለች እንዴ!» አለ። በረንዳው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ነገሩ አልዋጥ አለኝ።

ከፊታችን አንዲት እናት የባሕር ዛፍ ጭራሮ አውርደው ገዢ ይጠብቃሉ። ኮንጎ ጫማ አድርገዋል። የሸክሙ ገመድ ትከሻቸው ላይ ሰንበር ትቷል። ጓደኛዬ «እማማ፣ ሩጫ ቢያስገቡዎት አንደኛ ነበሩ» ብሎ ቀለደ።

«ኤዲያ ልጄ! እኔስ ቁጭ ማለት ነው የናፈቀኝ» አሉት።

ሸክም ልምምድ አይደለም። ልምምድ ማለት ሮጦ፣ በልቶ፣ ተኝቶ፣ በማግስቱ ትንሽ መጨመር ነው። እሳቸውን ቤት ሲገቡ የሚጠብቃቸው ውኃ መቅዳትና እንጀራ መጋገር ነው።

አድናቆት ብቻውን የትም አያደርስም። ፍራንሲስ ሃይዋርድ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1923 ኮምሬድስን ልሩጥ ብትል ተከለከለች። ቢሆንም ሮጣ በ11 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ውስጥ ጨረሰች። ሜዳሊያ አልሰጧትም። ሯጩና ተመልካቹ ግን የብር የሻይ ዕቃ ሸለማት። ሻይ ዕቃ! ሴቶች በይፋ የተፈቀደላቸው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው።

ውድድሩ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ መካከል ወደ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ ሰው እንዲገባው፣ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በደምበጫ፣ በጅጋ አድርጎ ፍኖተ ሰላም መግባት ማለት ነው። ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠንም ወገባችንን ይይዘናል። ገርዳ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ቁልቁል ከፒተርማሪትዝበርግ ወደ ደርባን በሚሮጥበት ዓመት፣ በ5 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ጨረሰችው። አንዱን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃ ገደማ፣ ያውም ሰማንያ ምናምን ጊዜ።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ሰዓቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሮጠው 8 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ፈጅቶባታል። ሃያዎቹን አጋምሳ ነበር። የገበሬ ልጅ ናት፤ የግንባታ ሥራ መጠንና ዋጋ ማስላት ተምራ ዱባይ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። በ2018 ሁለተኛ ወጣች። በ2019 አሸነፈች፤ ከዚያም በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ደገመችው። ደመወዝ ነበራት። ዘግይቶ ለመጀመርም፣ ቀስ ብሎ ለማደግም ጊዜ ነበራት።

እኛ ጋ በ17 ዓመቷ የአሰልጣኝ ዓይን ያልገባች ልጅ «አልፎባታል» ትባላለች። ከወለደችማ አለቀ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ጃስሚን ፓሪስ የምትባል ሯጭ እ.ኤ.አ. በ2019 ስፓይን የተባለውን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ውድድር ወንዶቹን ሁሉ ቀድማ ጨርሳለች። የምታጠባ ልጅ ነበረቻት፤ ማረፊያዎቹ ላይ ጡቷን እያለበች ነው የሮጠችው።

ስለዚህ የዞን ስፖርት ኃላፊዎች ሆይ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ከ25 ዓመት በላይ ለሆኑ ሴቶች የ50 ኪሎ ሜትር ውድድር አዘጋጁ። ከደብረ ማርቆስ ደምበጫ ይበቃል። ሽልማቱ በጥሬ ገንዘብ ይሁን፣ ቲሸርቱ ይቅር። ከውድድሩ በፊት ደግሞ ለጥቂት ወራት የምግብ ወጪ የሚሸፍንላቸው ይኑር። ያለዚያ ያው የሸክሙ ነገር ነው።

ጭራሮው አመሻሽ ላይ ተሸጠ። ጓደኛዬ ትንሽ አፍሮ ነው መሰለኝ፣ ብድግ ብሎ ወንበሩን ለቀቀላቸውና ሻይ አዘዘ። እማማ መረቁት። አልተቀመጡም፤ ሳይጨልም መድረስ አለባቸው።