ግዴለሽነታችንን በስቶይኮች አናመካኝ

ወገኖቼ፣ እባካችሁ የስቶይኮችን፣ የነዚያን የጥንት ግሪክና ሮም ፈላስፎች፣ ስም መሸሸጊያ ማድረጉን እንተው። ቴሌግራሙም ቲክቶኩም የስቶይኩን የሮም ንጉሠ ነገሥት የማርቆስ አውሬሊዮስን ምስል ለጥፎ «ከቁጥጥርህ ውጭ ለሆነ ነገር አትጨነቅ» ይለናል። ጥሩ። እኛ ግን ይህን ይዘን የታመመ ጎረቤት ሳንጠይቅ፣ ሥራ የፈታ ወንድማችን ሲደውል ስልክ ሳናነሳ «ሰላሜን ልጠብቅ ብዬ ነው» ማለት ለመድን። ይሄ ፍልስፍና አይደለም፤ ግዴለሽነት ነው።

ከስቶይኮቹ አንዱን፣ ኤፒክቴተስን ተመልከቱ። በባርነት የኖረ፣ እግሩም አንካሳ የነበረ ሰው ነው። በእጃችን ያለውንና የሌለውን መለየትን አጥብቆ ያስተማረው እሱ ነው። ደቀ መዝሙሩ አርያን እንደጻፈው፣ አንድ ባለሥልጣን መጥቶ ስለ ልጁ ያጫውተዋል። ልጅቷ በጠና ታማ ነበር። አባት ሆዬ ማየት አልቻለም፤ ጥሏት ወጣ። ተሻላት እስኪሉት ድረስም አልተመለሰም። ደግሞ «አባት ነኝና ተፈጥሮዬ ነው» ይላል!

ኤፒክቴተስ «ሰላምህን ጠብቀሃል፣ ጎበዝ» አላለውም። አፋጠጠው እንጂ። እናቷስ አትወዳትም? ታዲያ እሷም ጥላት መሄድ ነበረባት? ሞግዚቷስ? ልጅቷ የሚወዳት ሁሉ ሸሽቷት በማይወዷት ሰዎች እጅ ትሙት? አንተስ ብትታመም ወዳጆችህ እንዲህ እንዲወዱህ ትፈልጋለህ?

የልጅቷ መዳን በአባቷ እጅ አልነበረም። አጠገቧ መቀመጡ ግን ነበር።

ማርቆስም ቢሆን ያው ነው። በማለዳ «ዛሬ ውለታ ቢስ፣ ትዕቢተኛ፣ ምቀኛ ይገጥመኛል» ብሎ ለራሱ የጻፈውን ስንቶቻችን ሼር አድርገናል! ቀጣዩን ግን ቆርጠን እንጥላለን። ሰዎቹ ዘመዶቼ ናቸው ይላል፤ እንደ እግር፣ እንደ እጅ፣ እንደ ላይኛውና ታችኛው ጥርስ ተባብረን ልንሠራ ነው የተፈጠርነው ይላል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ161 እስከ 180 ሲነግሥ ወረርሽኝም ጦርነትም አልተለየውም። ሮም ተቀምጦ «ከእኔ ቁጥጥር ውጭ ነው» አላለም፤ ጦርነቱ እስከነበረበት እስከ ዳኑብ ወንዝ ድረስ ወርዶ ዓመታት አሳለፈ።

ሁሉም እንደ ቃላቸው ኖሩ ማለቴ አይደለም። ሌላው ስቶይክ ሴኔካ ስለ ድህነት እየጻፈ ሲበለጽግ በዘመኑም ታምቷል። ሆኖም መሥራቻቸው ዘኖን እንኳ ዋሻ ገብቶ አላስተማረም፤ አቴና ገበያ ዳር፣ ሰው በሚተላለፍበት በረንዳ ላይ ነበር።

ስለዚህ ለቅሶ መድረስ ሲያቅታችሁ «ደክሞኛል» በሉ። «አልፈለግኩም»ም በሉ፤ ቢያንስ እውነት ነው። ኤፒክቴተስን ግን አትጥሩብን።